ገለፈት

አስራ አንድ ተኩል ላይ ጡሩምባው ሲነፋ
ሰዓት አልነበረንም፤ ሰዓታችን እሱ ነበር።
ልብስ ሰፊው ሼህ ናስር እግሩን ከፔዳሉ ያነሳል፣
አረቡ ሳላህ የሱቁን መዝጊያ እስከ ግማሽ ይስባል፣
የተማም ፈረስ እንኳ ባዶ ጋሪ ይዞ ቆሞ
ጆሮውን ያቀናል ከሰው ሁሉ ቀድሞ።

የቡና መፈልፈያው በር ሲከፈት
አንድ ትልቅ አቧራ እግር አውጥቶ ይመጣል፤
እየሳለ፣ እየሳቀ፣ ወደ አስፋልቱ ይፈሳል።
ሻሹ አንድ ዓይነት፣ ሽፋሽፍቱ አንድ ዓይነት፣
አንገቱም ቅንድቡም የለበሰው ገለፈት።

እኔ ከበሩ ማዶ፣ ዘበኛው ጋሽ ዳንሳ አግዳሚ ላይ፣
እናቴን የምለያት በጫማዋ ነበር፤
አረንጓዴ ኮንጎ፣ የግራው በሽቦ የተሰፋ።
ያን ቀን ግን ዘንቧል። የጅማ ዝናብ ደግሞ
ጫማ አይመርጥም፣ ሁሉንም ቀይ ጭቃ ያለብሳል።
መጀመሪያ የተዘረጋልኝን እጅ ያዝኩ።
ሻካራ ነው። የእናቴም ሻካራ ነው።
ተከተልኩ።

በጣውላ መሰንጠቂያው በኩል አለፍን፤
መጋዙ የዕለቱን የመጨረሻ ግንድ እየበላ ያጉረመርማል፣
ባለ ሦስት እግር በርጩማ የሚጠርቡት ልጆች
ፍቅፋቂውን በጆንያ ለዳቦ ቤቱ ይሸከማሉ።
ፈረንጅ አራዳ፣ ከጣሊያን ጊዜ ሰገነት ላይ
የመካኒክ ቱታ ተሰጥቶ ይንጠባጠባል፤
አንድ ጠብታ አንገቴ ገባች።
ዛሬም ትቀዘቅዘኛለች።

ብስክሌት አከራዩ መሐመድኑር ይጮሃል፦
«አንድ ዙር በስሙኒ! ፍሬን የለውም፣ ብያለሁ!
ኋላ አልሰማሁም እንዳትሉ!»
ከሲኒማው ግድግዳ የህንዷ ተዋናይት
ግማሽ ፊቷን ዝናብ ልጦት
በቀረው ዓይኗ ታየናለች።
ሴትዮዋ ትስላለች። እኔ ዝም እላለሁ፤
እናቴ ስትስል ዝም ማለት ልማዴ ነው።

አዌቱ ድልድይ ሳንደርስ ቆመች።
የነጠላዋን ጫፍ ፈትታ፣ ሳንቲም ቆጥራ፣
ቦምቦሊኖ ገዛችልኝ በጋዜጣ ተጠቅልሎ፤
ዘይቱ ወረቀቱን አሳስቶት
የወዲያው ፊደል በወዲህ ይነበባል።

ያኔ ነው የጠረጠርኩት።
እናቴ በሳምንቱ መሀል ቦምቦሊኖ አትገዛም፤
ደመወዝ ቅዳሜ ነው፣ የቅዳሜውም ለሽንኩርት ነው።

ቀና አልኩ። ዝናቡ ፊቷን አጥቦት
ከገለፈቱ ስር ሌላ ሴት ወጥታለች፤
ጉንጯ ላይ ጠባሳ፣ አንድ የወርቅ ጥርስ።
ላለቅስ ነበር፤ አፌ ግን ሙሉ ነው።

«የወርቅያንጥፉ ልጅ ነህ አይደል?» አለችኝ፣
ከጅምሩ እንደምታውቅ ሰው፣ ሳትደነግጥ።
«እንመለስ። ትፈልግሃለች።»
ግን አልተንቀሳቀሰችም። የወንዙን ድፍርስ እያየች
የመጨረሻዋን ጉርሻ እስክውጥ ጠበቀች።

እናቴ በሩ ላይ ነበረች፤
አቧራዋን ሳታራግፍ፣ ባንድ እግሯ ኮንጎ፣
ሌላውን ስትሮጥ ጭቃው አስቀርቶት።
ትመታኛለች ብዬ ትከሻዬን ሰበሰብኩ።
እሷ ግን በላዬ አሻግራ
«አይዞሽ ሂንዲያ» አለች። «አይዞሽ።»
ለምን ለሴትዮዋ እንጂ ለእኔ እንዳልሆነ
እናቴ እስክትሞት አልጠየቅኳትም።

ጡሩምባው በኪሎ ተመዝኖ ለቆርቆሮ ገዢ ተሸጠ።
ሼህ ናስር የለም። ተማም ባጃጅ ይነዳል፣
ቀን ሙሉ ስታንባርቅ ትውላለች እንጂ ጆሮ የላትም።
የመፈልፈያው ግቢ የሲሚንቶ መጋዘን ሆኖ
ሌላ አቧራ የለበሱ ጎረምሶች ይወጡበታል፤
ነጭ ነው የነሱ፣ ሽታ የለውም።

አልፎ አልፎ ወደ ጅማ ስሄድ
አስራ አንድ ተኩል ላይ በዚያ በር አልፋለሁ።
ዝናብ ካለ
እጄን ከኪሴ አወጣለሁ።